የሆቴል ዋይፋይ ሒሳብ፦ ማን ይከፍላል፣ እንዴትስ ይከፈላል?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ አልጋ የሚይዝ እንግዳ ከክፍለ ሀገር የታመመ ዘመዱን ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይዞ የመጣ፣ ከሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሊገዛ ያሰበ ወይም እንጦጦን ሊጎበኝ ከባሕር ማዶ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳያቸው ቢለያይም አብዛኞቹ ቁልፍ ሲቀበሉ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አብረው ይጠይቃሉ። ዋይፋይ ስልክንና ኮምፒውተርን ያለ ሽቦ ከኢንተርኔት መስመር ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ነው። አገልግሎቱ «በነፃ» ተብሎ ቢቀርብም ለብቻው ቢታሰብም ወጪውን በመጨረሻ የሚሸፍነው እንግዳው ስለሆነ፣ ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የክፍያውን መነሻ ለመረዳት ሆቴሉ ራሱ አገልግሎቱን እንዴት እንደሚገዛ ማወቅ ያስፈልጋል። ብሮድባንድ የሚባለው ቋሚ መስመር ዋጋው የሚወሰነው በፍጥነቱ ሲሆን፣ ፍጥነቱም መረጃ በሰከንድ ምን ያህል እንደሚተላለፍ በሜጋቢት የሚለካ ነው፤ ደንበኛውም ለመረጠው ፍጥነት በየወሩ ይከፍላል። ሆቴሉ የ20 ሜጋቢት መስመር ገዝቶ 20 እንግዶች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በአማካይ 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲበዛ የመስመሩ ወርሃዊ ዋጋ ባይጨምርም የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሆቴሉም ፈጣን መስመር ለመግዛትና በየፎቁ ሞገዱን የሚያሰራጩ መሣሪያዎች ለመትከል ተጨማሪ ወጪ ያወጣል።

ይህን ወጪ ለመመለስ ሆቴሎች በዋናነት ሦስት መንገዶችን ይጠቀማሉ። የመጀመሪያው እንደ ውሃና መብራት በአልጋው ዋጋ ውስጥ ማካተት ነው። ሁለተኛው በሰዓት ወይም በቀን መሸጥ ሲሆን፣ እንግዳው የተሰጠውን የምስጢር ቁጥር በመግቢያ ገጹ ላይ ሲያስገባ መስመሩ ይከፈትለታል፤ የገዛው ጊዜ ሲያልቅም ይዘጋበታል። ሦስተኛው ቀርፋፋውን መስመር በነፃ ሰጥቶ ፈጣኑን በተጨማሪ ክፍያ ማቅረብ ነው።

ለብቻው የማስከፈል ልማድ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ፤ ሆቴሎች ከክፍል በሚደወል ስልክ ላይ ዋጋ ጨምረው ያተርፉ ነበር፤ የእጅ ስልክ ሲስፋፋ ይህ ገቢ ተመናመነ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ ውድና ብርቅ ስለነበር የተናጠል ክፍያው አላስገረመም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ መቀነሱ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት መጀመሩ ግን እንግዳው በራሱ የስልክ ጥቅል እንዲጠቀም ስላስቻለው፣ የሆቴሉ መስመር ብቸኛ አማራጭ መሆኑ ቀረ።

አንዳንድ ሆቴል ይህን የእንግዳ አማራጭ እስከ መዝጋት መድረሱን የአሜሪካ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማሪዮት የተባለውን ድርጅት 600 ሺህ ዶላር አስከፍሎታል፤ ምክንያቱም ናሽቪል በሚገኝ ሆቴሉ የስብሰባ ተሳታፊዎች ከስልካቸው የሚያሰራጩትን ሞገድ፣ ማለትም ሆትስፖት፣ እያወከ የራሱን ዋይፋይ ለአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ለኤግዚቢሽን አቅራቢዎች ይሸጥ ነበር። ሆቴል ለሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ መጠየቅ መብቱ ነው፤ እንግዳው በገዛ ገንዘቡ ያገኘውን መንገድ መዝጋት ግን መብቱ አይደለም።

በሆስፒታል አካባቢ ለቀናት የሚቆይ አስታማሚ የሕመምተኛውን ሁኔታ ለቤተሰብ የሚያሳውቀውና ለሕክምናው ገንዘብ የሚያሰባስበው በስልኩ ስለሆነ፣ ያልጠበቀው ክፍያ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሱን ነው። በተለይ ዋይፋዩ ለብቻው በሒሳብ ላይ ሲጻፍ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በብዙ ሆቴሎችም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሊታከልበት ስለሚችል የተነገረው ዋጋና የሚከፈለው ይለያያሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። በዚህ መሠረት ከአልጋው ዋጋ ጎን ዋይፋዩ ተካቶ እንደሆነ፣ ካልተካተተም በቀን ስንት እንደሆነና ለስንት ስልክ እንደሚያገለግል ቢጻፍ እንግዳው አቅሙን አይቶ ይወስናል፤ ሆቴሉም በሒሳብ ሰዓት ከሚነሣ ክርክር ይድናል፤ እምነት ያተረፈበትን ደንበኛም ለሚቀጥለው ጉዞው መልሶ ያገኘዋል።