ዛፍ ላይ የማትወጣዋ የዛፍ እንቁራሪት

በኢትዮጵያ ደጋ ከሣር ሥር አፈር ቆፍራ የምትኖር እንቁራሪት አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ነው፤ ሁለተኛው ስም በላቲን «የሣር» እንደ ማለት ነው። ሌፕቶፔሊስ የሚባለው ወገን ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ሌሊት ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ የሚወጡ ናቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ ሰፋና ክብ ብሎ ስለሚጣበቅ እርጥብ ቅጠል እንኳ አያዳልጣቸውም። በሣሯ እንቁራሪት ላይ ግን ይህ የጣት ጫፍ ሊጠፋ ደርሷል፤ ዛፍም አትወጣም። ያም ሆኖ ከዛፍ እንቁራሪቶቹ ጋር የተመደበችው በስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት እሷና በደጋው ዛፍ ላይ የሚኖሩት ሌፕቶፔሊሶች ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ደግሞም ዛፍ ወጪዎቹ ሌፕቶፔሊሶች ራሳቸው እንቁላላቸውን የሚቀብሩት አፈር ውስጥ ነው። እንግዲህ እንቁራሪትን በመኖሪያዋና በመልኳ ብቻ መመደብ ያሳስታል።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ፤ ይኸውም ተመሳስሎ የቅርብ ዘመድ አለመሆን ነው። የእንስሳት ተመራማሪው ማልኮልም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1974 ለሳይንስ ያስተዋወቃት አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ስሟን ያገኘችው ከእንሰት ነው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውኃ ይቋጠራል፤ ቆዳዋ ድርቀትን ለማይችል ትንሽ እንቁራሪት ከዚያ የተሻለ መጠለያ ማግኘት ያዳግታል። የአፍሪክሳለስ ወገን ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ እንቁላሉን ቅጠል ላይ ጥሎ የቅጠሉን ጠርዝና ጠርዝ አጥፎ ማጣበቁ ነው። ጣቶቻቸው እንደ ሌፕቶፔሊስ ጣቶች ይጣበቃሉ፤ የዓይናቸውም ብሌን እንደ ድመት ዓይን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። በዚህ መመሳሰል የተነሳ ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ቤተሰብ ልጆች ተቆጥረው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ሌፕቶፔሊስ ከዚያ ወጥቶ፣ በመሬት ላይ የሚኖሩ ትንንሽ እንቁራሪቶች ወደሚገኙበት አርትሮሌፕቲዴ ወደተባለው ቤተሰብ ተዛወረ። ዛፍ የመውጣት ችሎታ በተለያዩ የእንቁራሪት ቤተሰቦች ለየብቻው የተገኘ ነገር ነው።

ቀለምም አይታመንም። የአንድ ዝርያ እንቁራሪቶች፣ ለምሳሌ ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ፣ አንዷ አረንጓዴ ሌላዋ ቡናማ ሆነው ይገኛሉ፤ ለሙዚየም አልኮል ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አረንጓዴው ይጠፋል። ወንዱ ሴቷን የሚጠራበት ድምፅ ከቀለም የተሻለ ምስክር ቢሆንም ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ብዙዎች ዘረመልን የመጨረሻ ዳኛ ማድረግ ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው፤ በሸለቆ ተለያይተው የኖሩ የአንድ ዝርያ ማኅበሮች ሁሉ በዘረመል ትንሽ መለያየታቸው ስለማይቀር፣ ልዩነት በታየ ቁጥር አዲስ ስም ማውጣት ዝርያን ያለ ልክ ያበዛል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ግን ዘረመል ብቻውን ሲፈርድ ነው። በሣሯ እንቁራሪት ጉዳይ በየአካባቢው ባሉት መካከል የተገኘው ልዩነት፣ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው በማያጠራጥር የዛፍ እንቁራሪቶች መካከል ካለው ጋር የሚወዳደር ነበር። ይህም ሆኖ ወዲያው ስም አልወጣም። ከመቶ ዓመት በላይ በሙዚየም ከቆዩ፣ ስሙ መጀመሪያ ከተሰጠባቸው ናሙናዎች ዘረመል ተወስዶ ከአዳዲሶቹ ጋር ተነጻጸረ፤ የአካላቸውም ልክ ተለካ። የድሮው ስም የየትኛዋ እንደሆነ ከተለየ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 ሌፕቶፔሊስ ኦሮሞን ጨምሮ አዳዲስ ዝርያዎች የተሰየሙት። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው።

ደን እየተመነጠረ ስም ማውጣት ምን ይፈይዳል የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው ከቅን ልብ ቢመነጭም ነገሩን ገልብጦ ያያል። በመላው ደጋ ተሠራጭታለች የምትባል አንዲት እንቁራሪት የሚያሰጋት ነገር የሌለ ይመስላል። ያቺው «አንዲት» በየተራራው የተወሰኑ ብዙ ዝርያዎች ሆና ስትገኝ ግን፣ አንድ ደን ሲጠፋ አንድ ዝርያ ከዓለም ሊጠፋ ይችላል። የጥበቃ መዝገብ የሚይዘው ስም ያለውን ነው።

ለአገራችን የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አንድ አደራ አለ። በክረምት ሌሊት ወደ ሐረና ወይም ወደ ቦንጋ ደን ስትዘልቁ ከፎቶው በፊት ድምፁን ቅረጹ፤ ቦታውንና ከፍታውን መዝግቡ። ናሙናውንም ቀጣዩ ተመራማሪ አውሮፓ ድረስ ሳይሄድ በሚያገኝበት፣ እዚሁ አገር አስቀምጡት።