ቤት ከመግዛት በፊት ቤትን ስለ መመርመር

በጢቾ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ አስቀድሞ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳብሳል፤ አስኪዶም እግሩን ይመለከታል። ይኸው ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ በከተማ ቤት ሲገዛ ግን ካርታውን ካስነበበና የግድግዳውን ቀለም ካየ በኋላ ይፈርማል። ለበሬ የተደረገው ጥንቃቄ ለቤት የሚቀረው ስለ ምን ይሆን?

የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲህ በሕግ ፊት የሚሸጠው ቤቱ ነው። ቤቱ ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ገዢው በእጁ ምን ያዘ?

በአርሲ ደጋ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ብዙ ነው። የእንዲህ ያለው ቤት ሞት የሚጀምረው ከእግሩ ነው። የተተከለው ቋሚ የክረምቱን ርጥበት እየጠጣ አፈሩ አጠገብ ይበሰብሳል። ጽድ ለብዙ ዘመን ይቋቋማል፤ መድኃኒት ያልነካው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይሸነፋል። ምርጊቱና ቀለሙ ጉዳቱን ስለሚሸፍኑ ተራ ዐይን አያገኘውም።

ዐዋቂ መርማሪ ግን የቋሚውን ግርጌ በስለት ይወጋል፤ ስለቱ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል። ጣሪያው መጉበጡን ከሩቅ ያያል፤ በኮርኒሱ ላይ የውኃ ምልክት፣ በቆርቆሮው ላይ ዝገትና የላላ ምስማር ይፈልጋል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ የመሠረቱን መንቀሳቀስ ሊያመለክት ይችላል፤ ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይኮማተራልና። የኤሌክትሪኩን ሽቦ፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድና የጎርፉን መውረጃ ከተመለከተ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ጽፎ ይሰጣል። ይህም በዝናብ ማግስት ቢሆን ይመረጣል።

በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የመርማሪዎቹ ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። እኛ ዘንድ መሐንዲስ ቢገኝ መልካም፤ ባይገኝም ከሻጩም ከደላላውም ጥቅም የሌለው የታወቀ አናጢና ግንበኛ በቂ ነው። የባንክ ገማች መጥቶ ነበር ማለት ግን አይበቃም፤ የእርሱ ሥራ ለብድሩ መያዣ የሚሆን ዋጋ ማውጣት ነው።

ምርመራው ለሻጭም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ የገዛው፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ባይኖርበት ኖሮ ሊያየው ይችል የነበረው ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። ስለዚህ ጉድለቱን አስመርምሮ በጽሑፍ የገለጠ ሻጭ ምናልባት ከዋጋው ጥቂት ይቀንስበታል፤ ከክስና ከጎረቤት ሐሜት ግን ይድናል። ገዢው ደግሞ ዝርዝሩን ይዞ ወይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይ ያስጠግናል፣ ወይም እጁን ይሰበስባል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ቤተሰብ ቤት ሲገዛ «አንተ የተማርከው፣ አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ውሉን አንብቡልን» ተብለን የምንጠራው እኛ ነን። ወረቀቱን ማንበባችን መልካም ነው። ነገር ግን አባታችን በሬዎቹን ሸጦ ያመጣው ብር ከመቆጠሩ በፊት፣ የቤቱን ቋሚ የሚወጋ ሰው ይዘን እንሂድ።