ሳንጃ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላይ ማከራየት

የሳንጃ ነጋዴ ሰሊጡ ሲደርስ ሌላ ነገር አይታየውም። ልቡም ገንዘቡም እርሻውና መጋዘኑ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ካለው ግን የተከራዩ ስልክ የሚጮኸው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቧንቧ ፈነዳ፣ የማኅበሩ መዋጮ ተጠየቀ፣ ተከራዩ ሊለቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያ ደግሞ «ልሂድና ልየው» ማለት እንደ ድሮው አልቀለለም። ታዲያ ቤቱን ራስ ማስተዳደር ይሻላል ወይስ አስተዳዳሪ መቅጠር?

ሒሳቡን እንየው። ለምሳሌ ቤቱ በወር 15,000 ብር ቢከራይና አስተዳዳሪው 10 በመቶ ቢጠይቅ፣ በዓመት 18,000 ብር ይወስዳል። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢከርም የሚታጣው 15,000 ብር ብቻ ነው።

ኪራይ እጅ በእጅ ሲሰበሰብ ይህ ክፍያ ትርጉም ነበረው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ብሩ ሳንጃ ድረስ ከገባ፣ ተከራዩም ሁለት ዓመት ከተቀመጠ፣ በየወሩ አሥር በመቶ የሚከፈለው ለምንድን ነው? አስተዳዳሪዎች ይቀየሙን ይሆናል እንጂ፣ አንድ ቤት ላለው ሰው ደላላውን ሲያከራይ አንዴ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን በሥራው ልክ መክፈል ይረክሳል። አራት አምስት ቤት ያለው ሌላ ነው።

ይሁንና ውል ፈርሞ በ30 ቀን ውስጥ የሚያስመዘግብ፣ በማኅበሩ ስብሰባ የሚገኝ ሰው አዲስ አበባ ላይ ያስፈልጋል። ለዚህ የታመነ ዘመድ ይበቃል፤ ጥንቃቄው ውክልናው ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል ይላል። ቤቱን ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ጉዞ ለማዳን ሲል «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለውን ቃል ጨምሮ ይፈርማል። ለኪራይ ብቻ ከሆነ ያንን ሐረግ ያስወጡት። ውክልናውን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፤ ሲሽሩት ግን ለተከራዩም በጽሑፍ ያሳውቁ።