የተሳቢያችሁ መብራት እንቢ ሲል ከየት ይጀመራል?

(በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

በዛሬው ዝግጅታችን መኪና ከኋላው ስለሚጎትተው ተሳቢ፣ በዕብራይስጥ «ኒግራር» ስለሚባለው፣ የመብራት ብልሽት እንነጋገራለን። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩን ብነግራችሁ ግን ትረዱኛላችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወደ ቢሮዬ መጡ። ሥራቸው በሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን የድርጅቶችን ግቢና አትክልት መንከባከብ ነው። የሣር ማጨጃቸውንና ሌላውን መሣሪያ የሚጭኑት በአንዲት አሮጌ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ነው። በእጃቸው የቅጣት ወረቀት ይዘው ነበር። ፍሬን ሲይዙ የተሳቢዋ መብራት ስለማይበራ፣ ከኋላቸው የመጣ መኪና ሊገጫቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። የ12 ዓመት ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ወደ አንድ ጋራዥ ቢሄዱ «ሽቦው በሙሉ ይቀየር» ተባሉ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። ለማስተርጐምም ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀርተዋታል።

በኋላ አብረን ወደ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድን። ሰውየው አንዲት የዛገች ብሎን ፈታ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቃት፤ መልሶም አጠበቃት። መብራቱ ሁሉ በራ። እኔም እየጠየቅሁ ያየሁትን ጻፍሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ እንዴት እንደሚሠራ እንረዳ። ሸማኔ መወርወሪያውን ወደ አንድ ወገን ከወረወረ በኋላ መልሶ ካልተቀበለው ጥበብ አይወጣውም። ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው። ከባትሪው ተነሥቶ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ አምፖሉን ካበራ በኋላ ግን ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። ይህን የመመለሻ መንገድ የአገራችን መካኒኮች «ማሳ» ወይም «ኔጋቲቭ» ይሉታል፤ እዚህ አገር «ሚኑስ» ይባላል። ማሳ ሲባል የእርሻው ማሳ እንዳይመስላችሁ። መሄጃው ደህና ሆኖ መመለሻው ከተቋረጠ አምፖሉ አይበራም። ብዙ ሰው አምፖልና ሽቦ ሲቀይር የሚከስረው ይህን ሳያይ ነው።

መኪናውና ተሳቢው የሚገናኙት በሶኬትና በስፒና ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ባለ ሰባቱ እንደሚከተለው ነው፤ ቁጥሮቹ በደቃቁ ተጽፈውበታል።

1. ቢጫ፦ የግራ ፍሬቻ
2. ሰማያዊ፦ የኋላ የጉም መብራት፤ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ነው
3. ነጭ፦ ማሳ
4. አረንጓዴ፦ የቀኝ ፍሬቻ
5. ቡናማ፦ የቀኝ የኋላ መብራት
6. ቀይ፦ የፍሬን መብራት
7. ጥቁር፦ የግራ የኋላ መብራት

አሮጌ ተሳቢ ከገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት ሽቦውን በሌላ ቀለም ቀጥሎት ይሆናል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን እመኑ። አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ባለ 13 ሶኬት ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ለእነርሱ የማገናኛ ዕቃ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ በተሳቢው ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረግ። ለሥራው የሚበቃው ካቻቢቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ እና ሁለት ሽቦ የተቀጠለለት ባለ 12 ቮልት የመሞከሪያ አምፖል ነው።

አንደኛ፣ ጥፋቱ ከመኪናው ይሁን ከተሳቢው ለዩ። ስፒናውን ንቀሉት። የመሞከሪያ አምፖሉን አንድ ጫፍ የመኪናው ሶኬት 3 ቁጥር ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በየተራ በቀሩት ቁጥሮች ላይ አድርጉ። ሌላ ሰው ደግሞ መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬቻውን፣ መብራቱንና ፍሬኑን ይሞክር። በሁሉም ከበራ መኪናው ደህና ነው፤ በሽታው ያለው ተሳቢው ላይ ነው። በአንዱ ቁጥር ብቻ ካልበራ፣ የዚያን ቁጥር ፊውዝና ሽቦ መኪናው ላይ ፈልጉ። በአንዱም ካልበራ የ3 ቁጥሩን ጫፍ አንሥታችሁ የመኪናው ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉት። አሁን ከበራ የተበላሸው የሶኬቱ ማሳ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ተሳቢው ሂዱና ከማሳው ጀምሩ። ስፒናውን መልሳችሁ ሰኩት። ከመኪናው ንጹሕ ብረት እስከ ተሳቢው መብራት የማሳ ብሎን ድረስ ሽቦ ዘርጉና ለጊዜው አገናኙ። መብራቶቹ ወዲያው ከተስተካከሉ በሽታው ተገኘ። ነጩ ሽቦ ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍቱት፤ ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፤ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከላይ ጥቂት ቫዝሊን ቀቡት። ሐደራ ለባሕር ቅርብ ናት። ጨው ያለበት አየርና የክረምቱ ዝናብ ብረትን ቶሎ ያዝጋል። ስለዚህ ይህን በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ብታደርጉት ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛ፣ ምልክቱን አንብቡ። ብልሽት የራሱ ቋንቋ አለው።

ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬኑና የኋላው መብራት አብረው ብልጭ ድርግም ካሉ፣ ማሳው ተቋርጧል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ቢያጣ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ይዞራል።

ስትቆሙ በርቶ መንገዱ ሲያንገጫግጭ የሚጠፋ ከሆነ፣ ማሳው የሚያልፈው በነጩ ሽቦ ሳይሆን በመጎተቻው ኳስ በኩል ሊሆን ይችላል። ኳሱ ግሪስ ስላለበት አይታመንም፤ ነጩን ሽቦ አስተካክሉ።

አንድ አምፖል ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ አምፖሉን፣ ቀጥሎ የተቀመጠበትን ቤት እዩ፤ ዝገት ወይም ውኃ ይኖርበታል። የኋላና የፍሬን መብራት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 5 ዋቱ ለኋላ መብራት፣ 21 ዋቱ ለፍሬን ነው። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይበራልና «በርቷል» ብላችሁ አትዘናጉ።

ፍሬቻው ከወትሮው በጣም ከፈጠነ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው።

መብራቱን ስታበሩ ፊውዙ ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ የሽቦው ልባስ ተልጦ ብረት ነክቷል። ይህን እኛ ሾርት እንለዋለን፤ በዕብራይስጥ «ኬጼር» ነው። ሽቦው በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበትንና መሬት የሚጎተትበትን ቦታ ፈልጉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። 10 የተጻፈበት ፊውዝ ሲቃጠል 30 አታስገቡ፤ በሲጋራ ወረቀት ብርም አትጠቅልሉት። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ የሚሞተው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ትልቅ ፊውዝ ስታስገቡ ዘበኛውን አሰናብታችሁ እሳቱን ወደ መኪናችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። በዚያ መኪና ውስጥ ልጆቻችሁ አሉ።

በራሳችሁ የማትችሉት ከሆነ ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ወደ «ሐሽማላይ ሬኼቭ» ሂዱ። የአዳዲስ መኪኖችን ሽቦ ግን ራሳችሁ ቆርጣችሁ አትቀጥሉ፤ መብራታቸውን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ሊበላሽ ይችላል። ለባለሙያው እንዲህ በሉት፦ «ሃኦሮት ባኒግራር ሎ ኦቭዲም» ማለትም የተሳቢው መብራቶች አይሠሩም። ቀጥሎ «ቲቭዶክ ኮዴም ኤት ሃሚኑስ» በሉት፤ መጀመሪያ ማሳውን እይልኝ ማለት ነው። ሥራ ሳይጀምር ዋጋውን በጽሑፍ፣ «ሃጻዓት መኺር»፣ ጠይቁ። ከከፈላችሁም በኋላ ደረሰኝ፣ «ካባላ»፣ ተቀበሉ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከያዛችሁ ልጃችሁን ከክፍል ማስቀረት አይኖርባችሁም።

መብራቱ መንገድ ላይ ከጠፋባችሁ፣ በተለይ በ2 ወይም በ4 ቁጥር መንገድ ላይ ሌሊት ከሆነ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብላችሁ አትቀጥሉ። ከመንገዱ ውጡ፤ የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ሰደርያ ልበሱ፤ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ ርቃችሁ አቁሙ። ቤተሰቡ ከአጥሩ ወዲያ ይቁም። አደጋ ከደረሰ ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101፣ እሳት አደጋ 102 ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ከከተማ ውጭ በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ መሆኑን አትርሱ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ማረሻ ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው ያደሩ የባለ እጅ ልጆች ነን። «እኔ ዕብራይስጥ አላውቅም፤ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ። እኚያ አባት ዛሬ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ተሳቢያቸውን ይፈትሻሉ። እርሳቸው መሪው ጋ፣ ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው «ግራ በርቷል፤ ቀኝ በርቷል፤ ፍሬን በርቷል» ይባባላሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷ በዚያን ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ እናንተም ነገ ጠዋት ብትሞክሩት መልካም ነው። ሰላም ያግባችሁ።