ጎንበስ ሲሉ የሚሰፋው ቦይ
ስለ ወገብ አከርካሪ መጥበብና የወገብን እንቅስቃሴ ስለሚጠብቁ ቀዶ ሕክምናዎች

ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ በኢታንግ አቅጣጫ ወደ ትየርኪዲ የሚጓዝ ሰው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ውኃ፣ እህልና እንጨት በራሳቸው ተሸክመው ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴቶችን ሳያይ አይደርስም። ትየርኪዲ በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ፣ አብዛኞቹ ኑዌር ለሆኑ ስደተኞች በዚያው ዓመት የተከፈተ መጠለያ ነው። አገሩ ሜዳ፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። የፊዚክስ መምህራን እንዲህ ያለውን አረማመድ ስናይ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።)

አንድ ቀላል ስሌት እናስላ። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀሪካን በሁለት እጃችን ከፊታችን ይዘን ብንቆምና የጀሪካኑ መካከል ከታችኛው የወገብ ዲስክ 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ክብደቱ 200 ኒውተን ያህል ስለሆነ ወደ ፊት የሚጥለን ቶርክ 80 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህን የሚመክቱት ከዲስኩ ኋላ በ5 ሳንቲ ሜትር ግድም ርቀት ላይ ያሉት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። መፈንቅሉ ለእነርሱ እጅግ አጭር ነው፤ 80ን ለ0.05 ስናካፍል 1,600 ኒውተን እናገኛለን። ስለዚህ ዲስኩ የጀሪካኑን 200 ብቻ ሳይሆን የጡንቻዎቹንም 1,600 ኒውተን ይሸከማል ማለት ነው። ያው ጀሪካን በራስ ላይ ሲቀመጥ ግን የመፈንቅሉ ክንድ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ፣ በዲስኩ ላይ የሚጨመረው 200 ኒውተን ብቻ ይሆናል።

ሴቶቹ የሚያውቁት ምሥጢር ይህ ብቻም አይደለም። በ1986 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የኬንያ ሉዎና ኪኩዩ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት 20 በመቶ የሚያህል ሸክም ተሸክመው ሲሄዱ ተጨማሪ ኃይል እንደማያቃጥሉ አሳይቷል። የሉዎ ቋንቋ ለጋምቤላው አኝዋክ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ነው። ምክንያቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት ተገለጠ፤ ሴቶቹ ሸክም ሲይዙ አረማመዳቸው እንደ ጥሩ ፔንዱለም ይሆናል፣ ከፍታ ወደ ፍጥነት፣ ፍጥነትም ወደ ከፍታ ሲለዋወጥ የሚባክነው ኃይል ያንሳል። አንገት ግን ዋጋውን እንደሚከፍል በጋና በተሸካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ያመለክታልና ነገሩን ከልክ በላይ አናሞግሰው።

ደግሞም ጀሪካኑ ራስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከመሬት መነሣት አለበት። በ1999 የጀርመኑ ኡልም ተመራማሪዎች በአንድ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው ነበር። ሰውየው ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋ ፓስካል ሆነ። 20 ኪሎ ግራም ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሣ 2.3፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣ ደግሞ 1.7 ደረሰ። ቁጥሮቹ ከአንድ ሰው የተገኙ ቢሆኑም አቅጣጫቸው ከላይኛው ስሌት ጋር ይስማማል።

ዕድሜ ሲገፋ ዲስኩ ውኃውን እያጣ ይጠፈጠፋል፣ ወደ ኋላም ይወጣል። ከኋላ ያሉት ጥንድ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ አንጓዎቹን የሚያያይዘውም ጅማት ይወፍራል። በመካከል ያለው ቦይ በሦስት አቅጣጫ ይጠባል ማለት ነው። ህብለ ሠረሠር የሚያበቃው ከወገብ በላይኛው ክፍል ስለሆነ፣ በዚህ ቦይ የሚያልፉት እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረጉ የእግር ነርቮች ናቸው። ሕመሙ ስፓይናል ስቴኖሲስ ይባላል፤ በ1954 አጥርቶ የገለጸው የኔዘርላንድሱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሄንክ ፈርቢስት ነው። የጤነኛ ሰው ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከ10 በታች ሲወርድ በእርግጥ ጠቧል ይባላል። ስፋት በዲያሜትር ካሬ እንደሚለዋወጥ የሚያስታውስ ተማሪ፣ ቦዩን ክብ አድርጎ ቢያስበው፣ ከ16 ወደ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ከቦታው 60 በመቶ ያህሉን እንደሚያሳጣ ወዲያው ያሰላል።

የዚህ ሕመም አስገራሚ ጠባይ ከአቋቋም ጋር መለዋወጡ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጥ ጅማቱ ታጥፎ ወደ ቦዩ ይገባል፤ ጎንበስ ሲል ይወጠርና ቦዩ ይሰፋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ጥቂት ሲራመድ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይከብደዋል፤ ቁጭ ሲል ወይም በበትር ተደግፎ ሲጎነብስ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ዳገት ከቁልቁለት ይሻለዋል፤ ብስክሌትም ያለ ችግር ሊነዳ ይችላል። እግሩን የሚያመው በደም ሥር መጥበብ የሆነ ሰው ግን ብስክሌት ላይም ያመዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ሁለቱን ለመለየት በዚህ ተጠቅመዋል።

አሁን አንዲት አሮጊት እናት ራሽን ሊቀበሉ በትየርኪዲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል እንበል። ሜዳው ላይ የሚያጎነብስ ዳገት የለም፤ ሰልፉም የሚጠይቃቸው ሕመማቸው የማይችለውን አንድ ነገር፣ ቀጥ ብሎ መቆምን ነው። ከሰልፉ ወጥተው ሲቀመጡ ደህና ይሆናሉ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ደግሞ «ሲቀመጡ ምንም የላቸውም» ብሎ ይታዘባል። እኛ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ የተሳሳተ ፍርድ ነው።

ብዙ ሕመምተኞች ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በአካል እንቅስቃሴና በማስታገሻ ይኖራሉ። ለማይሻላቸው የቆየው ዘዴ የቦዩን የአጥንት ጣሪያና የወፈረውን ጅማት አንሥቶ ነርቮቹን ማላቀቅ ነው። አንጓው እንዳይንሸራተት በመስጋት ብዙ ሐኪሞች በዚህ ላይ ብሎንና ዘንግ ጨምረው ሁለቱን አንጓዎች አንድ አጥንት እንዲሆኑ ያጋጥሟቸዋል፤ ይህም ፊውዥን ይባላል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ይቃወማል። ወገብ 50 ዲግሪ መታጠፍ ቢኖርበትና አምስቱ መገጣጠሚያዎች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 10 ይደርሰዋል፤ አንዱ ሲቆለፍ የቀሩት አራቱ 12.5 ይወስዳሉ። በእውነተኛው ወገብ ክፍፍሉ እኩል አይደለም፤ ጭማሪው ግን ይበልጡን ለጎረቤት መገጣጠሚያ እንደሚደርስና እርሱም ቶሎ ሊያረጅ እንደሚችል ይታመናል።

እንቅስቃሴን የመጠበቅ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ሠራሽ ዲስክ በ1984 በርሊን ውስጥ ሲተከል ከፈጣሪዎቹ አንዷ በሙኒክ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ ወርቅ ያገኘችው ሐኪም ካሪን ቢውትነር ያንስ ነበረች፤ ለወገብ መተጣጠፍ ከእርሷ የተሻለ ተቆርቋሪ አይገኝም። ነገር ግን ዲስክ መቀየር በኋላ በኩል የጠበበውን ቦይ አይከፍትም። ለመጥበቡ ይበልጥ የሚቀርበው «ኤክስ ስቶፕ» የተባለው፣ በአሜሪካ በ2005 የተፈቀደው መሣሪያ ነው። ጀርባችንን ስንዳስስ በምናገኛቸው ሁለት ሾጣጣ አጥንቶች መካከል ተሰክቶ ያንን አንጓ ብቻ ትንሽ ጎንበስ እንዳለ ያቆየዋል፤ ሕመምተኛው በበትር የሚያደርገውን በብረት ማድረግ ነው። ሐሳቡ ውብ ነበር። ሆኖም ጠንካራ ብረት በጠባብ ቦታ በሳሳ አጥንት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይበረታል፤ አጥንቱ ሊሰበር ወይም መሣሪያው ሊሰምጥ ይችላል። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ተመሳሳይ መሣሪያን ከተራው ማላቀቅ ጋር አወዳድረው በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው በመሣሪያው በኩል 29 በመቶ፣ በሌላው በኩል 8 በመቶ ነበሩ። ኤክስ ስቶፕም በ2015 ከገበያ ወጣ። የኋላ መገጣጠሚያዎችን ተክቶ የሚንቀሳቀስ «ቶፕስ» የተባለ መሣሪያ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለእኛ አገር ግን ውድ ነገር ነው።

ታዲያ ምርጫው ምንድን ነው? በ2016 የታተመ የስዊድን ጥናት 247 ሕመምተኞችን ተከታትሎ ፊውዥን መጨመሩ ከማላቀቅ ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳየ። በዚያው ዓመት 66 ሰዎችን ያጠና የአሜሪካ ሥራ ለፊውዥን ጥቂት ብልጫ ሰጥቶ ነበር። በ2021 የወጣው የኖርዌይ ጥናት አንጓቸው የተንሸራተተባቸውን 267 ሰዎች በ16 ሆስፒታሎች አጥንቶ፣ ማላቀቅ ብቻውን ከፊውዥን እንደማያንስ ደመደመ። ይህ ውጤት ያለ ብሎን፣ ያለ ዘንግ የሚሠራውን ቀላሉን ሥራ የሚደግፍ ነው። ጣሪያውን በቁጥብነት ከፍቶ ጥንዶቹን መገጣጠሚያዎች ማትረፍ፣ በእኛ ግምት፣ ከሁሉ የበለጠ እንቅስቃሴን የሚጠብቅ ቀዶ ሕክምና ነው። አንጓው በጣም የሚላወስባቸው ወይም አከርካሪያቸው የጎበጠ ሰዎች ፊውዥን ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ግን አንክድም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ሲጀመር አጋር የነበረው የዚያችው የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን ለመማር ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ሐኪሞቹ በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ፤ አስቸጋሪው ነገር ሕመምተኛውን ከእነርሱ ማድረስ ነው። ለመጠርጠር ደግሞ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። «ሲቆሙ ያምዎታል? ጎንበስ ሲሉስ ይለቅዎታል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የጤና ባለሙያውን ብዙ መንገድ ይወስዱታል። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ያቃተው፣ በሚቀመጥበት ቦታ የደነዘዘው፣ እግሩ በድንገት የዛለ ሰው ግን ጉዳዩ በሰዓታት የሚቆጠር አስቸኳይ ነው፤ ከትየርኪዲ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።