የሊፍቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ያድራል

እሁድ ጠዋት ነበር። ቡና እየቆላሁ ሳለ ከግቢ በኩል ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ምጣዱን ትቼ ስሮጥ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ሁለት እግሮች ነው፤ የቀረው አካሉ ከመኪና ሥር ነበር። ክሪኩ ልሙጡ ሊሾ ላይ ተንሸራቶ መኪናው ወርዷል። ደግነቱ፣ ልጄ የፈታውን ጎማ አስቀድሞ ከመኪናው ሥር አጋድሞት ስለነበር መኪናው ያረፈው ጎማው ላይ ነው። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» እያለ እየተሳበ ወጣ። እሱስ ደህና ነበር፤ የእኔ ጉልበት ግን እስከ ማታ አልጸናም።

ልጄ መካኒክ ነው። በሥራ ቀናት ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ውስጥ የዘመድና የጎረቤት መኪና ያያል። ካርቶን አንጥፎ ከመኪና ሥር መተኛቱን ለዓመታት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ያን ዕለት ግን ቁርጡን ነገርኩት፤ «ወይ መተኛቱን ተው፣ ወይ ሌላ መላ ፈልግ።»

ያመጣው መላ ሊፍት ነበር። ሁለት የብረት ምሰሶዎችና አራት ክንዶች አሉት፤ መኪናውን ከነጎማው አንስቶ ከሰው ራስ በላይ ያቆመዋል። መካኒኩ ከሥሩ ቆሞ ይሠራል እንጂ አይተኛም። ልጄ ያጠራቀመውንና ከዕቁብ የደረሰውን አውጥቶ ገዛ። እኔም በበኩሌ የልብስ ማስጫዬንና የጎመን መደቤን ለቀቅሁለት።

ቀላል መስሎን ነበር። ሻጩም «ያላችሁ ወለል ይበቃል» ብሎናል። የሟቹ ባለቤቴ ጓደኛ፣ በሕንፃ ሥራ ላይ ያረጁ ፎርማን፣ ግን ነገሩን ሲሰሙ መጥተው የሊሾውን አንድ ጥግ በመዶሻ ሰበሩት። ውፍረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። «ልጄ፣ መኪናውን የሚሸከመው ብረቱ እንዳይመስልህ፤ ወለሉ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው። አንድ ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ደግሞ ሁለት ቶን ይደርሳል። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ወለሉ ላይ በቡሎን በታሰሩት ሁለት ምሰሶዎች እግር ላይ ነው። ወለሉ ደካማ ከሆነ ቡሎኑ ተነቅሎ ምሰሶው ከነመኪናው ይዘማል።

የሊፍቱ መመሪያ ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮንክሪት ይጠይቃል። እኛ ሊሾውን አስነስተን፣ ፌሮ አስረን፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር አስሞላን። ከዚያ መጠበቅ መጣ። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ልጄ በሳምንቱ «ደርቋል እኮ» ማለት ጀመረ። እኔ ግን ጆንያ አልብሼ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት። ጎመኔን ያጠጣሁበት ቦታ ላይ ሲሚንቶ ሳጠጣ ጎረቤቶቼ ስቀውብኛል።

ጣሪያውንም ሰላስተን አስበንበታል። 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው መኪና 1.8 ሜትር ቢነሳ አናቱ 3.3 ሜትር ላይ ይደርሳል። የቆርቆሮው ጥላ ከዚያ በላይ መሆን ነበረበትና ከፍ አድርገን አሠራነው።

ሊፍቱ በተተከለ በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ዘመዳችን መኪና ላይ እንዳለ መብራት ጠፋ። ባለመኪናው መንገድ ነበረበትና «አውርድልኝ» ብሎ ያዘው። መኪናው ግን አይወርድም። ምሰሶዎቹ ውስጥ መኪናው እንዳይወድቅ የሚይዙ የብረት ማቆሚያዎች አሉ፤ እነሱን ለማላቀቅ መኪናውን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ የእኛው ሊፍት መብራት ይፈልጋል። ባለመኪናው በብረት ነካክቶ ማላቀቅ አማረው። ልጄ «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ይኼ ብልሽት አይደለም፤ እኔን የሚጠብቀኝ እሱ ነው» አለው። መብራት እስኪመጣ ቡና አፍልቼ አስቀመጥኳቸው። የዚያን ቀን በልጄ ኮራሁ።

ያልጠበቅነው ፈተና ከወደ ታናሹ መጣ። የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ «ሊፍት» ሲባል የሚያውቀው የሕንፃውን ነው። አንድ ከሰዓት፣ አባቱ እጁን ሊታጠብ ገባ ሲል፣ ማሙሽ የሊፍቱ ክንድ ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ማብሪያው ሲዘረጋ ደረስኩ። «እማማ፣ ፎቅ ልወጣ ነው!» አለኝ እየሳቀ። አቅፌ አወረድኩትና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ለልጄ ብዬ ያስገባሁት ነገር የልጅ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ማብሪያውን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገባነው። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ፤ ኳስ ቢገባም ልጅ አይሻገረውም። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀማል እንጂ ግቢ ውስጥም ቦይ ውስጥም አይደፋም። ልጄ አንድ ቀን የራሱን ሥራ ልጀምር ካለ ደግሞ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ ጎረቤትንም ያማክራል።

ሥራውም እየተለወጠ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ግቢያችን ደጃፍ የኤሌክትሪክ መኪና መታየት ጀምሯል። የእነዚህ ባትሪ ከወለላቸው ሥር ስለሆነ የሊፍቱ ክንድ ለማንሻ ተብሎ ከተሠራው ቦታ ውጪ ቢያርፍ ባትሪውን ይጎዳል። ልጄ መመሪያውን ሳያነብ አያነሳቸውም።

ሁሉም ቤት ሊፍት ይግባ አልልም። ልጃችሁ ወይም ባላችሁ በግቢ መኪና የሚነካካ ከሆነ ግን ይህን ያዙልኝ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ ቦታ ይቁም፤ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግላቸው፤ ከተነሳ በኋላ ክብደቱን የሚችሉ የብረት ማቆሚያዎች ይግቡለት። ሕፃናት ቤት ይግቡ።

የሳጥኑ ቁልፍ የሚያድረው እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ «እማዬ፣ ቁልፍ» ሲለኝ «ማሙሽ የት ነው?» እለዋለሁ። መልሱን በጆሮዬ ሰምቼ አልሰጠውም፤ ልጁን በዓይኔ አይቼ ነው የምሰጠው።