የሳምንቱ የበሽታ መዝገብ ለነጋዴው ያለው ጥቅም

የስማዳ ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በወገዳ የገበያው ሁኔታ የሚታወቀው በእህልና በከብት ዋጋ ብቻ አይደለም። በስተደቡብ ወደ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ ወደ በሽሎ ከሚወርደው ቈላ የሚመጣው ገበያተኛ ቍጥር ሲቀንስ፣ ጨውና ሳሙና የሚቸረችረው ባለሱቅ ከማንም ቀድሞ ያስተውለዋል፤ ምክንያቱን የሚሰማው ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ገበሬው የሚተኛው አዝመራ በሚሰበሰብበት ወራት ነው። ከዚህም የተነሣ ሰብሉ በማሳው ይቀራል፤ በዱቤ የተሸጠውም ዕቃ ዋጋው ሳይከፈል ይውላል።

በሽታን በወቅቱ ቈጥሮ የሚያሳውቅ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን የደረሰው ጕዳት የታወቀ ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የወባ ወረርሽኝ በደጋማው አገር ተነሥቶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ቍጥሩ ግምት የሆነበት ምክንያት ራሱ ብዙ ያስረዳል፤ በየቀበሌው የሚቈጥር ሰው አልነበረምና ልኩ የታሰበው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ መቅሠፍት በኋላ በ1951 ዓ.ም. ነበር። ቀደም ብሎም በ1946 ዓ.ም. በደንቢያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ በማለቁ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ሆኗል።

ዛሬ ያለው አሠራር ከነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ብዙም አይለይም። በየቀበሌው ጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሰኞ እስከ እሑድ የታየውን ሕመምተኛ በየበሽታው ዐይነት ቈጥራ ለጤና ጣቢያው ታስተላልፋለች፤ ከዚያ ወደ ወረዳው፣ ወደ ዞኑና ወደ ክልሉ አልፎ አዲስ አበባ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ተስቦና የማጅራት ገትር በሳምንቱ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታና አባ ሰንጋ ግን ሳምንት አይጠበቅላቸውም፤ አንድ ሰው እንኳ ቢጠረጠር ወዲያው መነገር አለበት። በተለይ ቆዳና ሌጦ የሚሰበስቡ ነጋዴዎች የአባ ሰንጋን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል፤ በዚህ በሽታ ከሞተ ከብት የተገፈፈ ቆዳ ገፋፊውንም፣ ተሸካሚውንም፣ መጋዘን ጠባቂውንም ሊይዝ ይችላልና።

ቍጥሩ ከመጣ በኋላ ወረርሽኝ መሆን አለመሆኑ የሚለይበት ዘዴ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጤና ጣቢያ ባለፉት አምስት ዓመታት በዚሁ ሳምንት የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 12፣ 7፣ 30፣ 15 እና 9 ነበሩ እንበል። ከሁሉ የሚበልጠው 30 ያልተለመደ ዓመት ሊሆን ስለሚችል ይተውና፣ ሁለተኛው 15 እንደ ወሰን ይያዛል። በዘንድሮው ሳምንት 22 ሰው ከተገኘ ወሰኑ ታልፏልና መድኃኒት፣ አጎበርና ርጭት በቶሎ መታሰብ አለበት። እንዲሁም ምንም ሕመምተኛ ያልታየበት ሳምንት «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዝም አይባልም። ባዶ የቀረ ሳምንት ጤና ይሁን ቸልተኝነት፣ ወይም የመንገድ መዘጋት፣ ሊለይ አይችልምና።

መዝገቡ የሚቈጥረው ግን የሚያውቀውን በሽታ ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በማይለቅ ትኵሳት ተይዘው፣ ሆዳቸው እያበጠ፣ ሥጋቸው እየከሳ ይሞቱ ነበር። ነገሩ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይመልሰው ወባ መሰለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ግን ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ በአዲስ ዘመን ከተማ በተከፈተው የሕክምና ቦታም እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ታክመዋል። ካላዛር የቈላ በሽታ ተብሎ ይታወቅ ስለነበር በደጋው ይገኛል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። በብዙዎች አስተያየት በሽታውን ያመጡት ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው። በዚያ በተሰነጠቀው ጥቍር አፈርና በግራር ጥላ ሥር የሚያድረውን ሰው የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚሄደውም ጕልማሳ በዚያው መንገድ የሚመላለስ በመሆኑ፣ የሰሊጥ ላኪው በሠራተኛው ጤና ጥቅም አለው ማለት ነው።

በውጭ ንግድ ረገድም ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀድሞ ብዙ መንግሥታት ገበያ እንዳይዘጋባቸው በሽታን ይሸሽጉ ነበር። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ፔሩ ኮሌራ በገባባት ጊዜ የዓሣ ንግዷ ክፉኛ ተጐድቷል። በአገራችንም ለብዙ ዓመታት «ኮሌራ» የሚለው ስም ቀርቶ «አተት» ሲባል መቈየቱ አይዘነጋም። በሰኔ 1999 ዓ.ም. የጸናው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ግን አስጊ የሆነ ነገር በተረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲነገር ያዛል፤ በአንጻሩም ሌሎች አገሮች ከሚያስፈልገው በላይ ንግድን እንዳያደናቅፉ ያሳስባል። መዝገቧ የታመነላት አገር፣ በሽታው የትኛው ወረዳ እንዳለ አሳይታ የቀረውን አገሯን ዕቃ ልታስከብር ትችላለች።

ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሙታን ተመዝግበዋል። ይህም የተመዘገበው ብቻ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በደረሰው ግጭት መንገድና የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠባቸው ወራት፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚጠበቀው ወረቀት በጊዜው ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ጠቦ ነበር።

ሌላም የሚያጐድል ነገር አለ፤ ይኸውም በየሱቁ የሚሸጠው የወባ ክኒን ነው። ትኵሳት ይዞት ሁለት ፍሬ ክኒን ገዝቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ደሙ አልተመረመረም፤ በመዝገብም አልገባም። በሽታው ካላዛር ቢሆን ደግሞ ክኒኑ ምንም አይረዳውም፤ ጊዜውን ብቻ ያባክንበታል። ባለሱቁ ክኒኑን ከመሸጥ ይልቅ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ኬላው ቢመራው፣ ከአንድ መንደርም ብዙ ሰው በአንድነት መተኛቱን ቢሰማ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢነግራት፣ ነገሩ በጭምጭምታ መዝገብ ይጻፋል፤ የወረዳውም ጤና ጽሕፈት ቤት እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ግዴታው ነው።